አፕት፣ ዲኤንኤፍ፣ ፓክማን፣ ዚፐር፣ ኤፒኬ፦ አንዱን የለመደ ሰው ሌላውን እንዴት ይያዝ?

ኡቡንቱ ለምዶ ፌዶራ ላይ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ነገር የታወቀ ነው። «አፕት» ብሎ ይጽፋል፤ ተርሚናሉ «እንዲህ የሚባል ኮማንድ የለም» ይለዋል። ይሄ ቀላል ነው፤ ጎግል አድርጎ ያልፈዋል። ከባዱ ሌላ ነው፦ ኮማንዱ አለ፣ ይሠራል፣ ግን የሚሠራው ሰውየው ያሰበውን አይደለም። አንዱ ቃል በሁለት ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት፣ እንደ ኡቡንቱ እና ፌዶራ) ላይ ሁለት የተለያየ ሥራ አለው። ስለዚህ እዚህ ኮማንዶችን ደርድሬ አልሄድም። መጀመሪያ ሥራውን እናውቃለን፤ ከዚያ እያንዳንዱ ፓኬጅ ማኔጀር (ፕሮግራም የሚጭነው፣ የሚያሻሽለው እና የሚያወጣው መሣሪያ) ሥራውን በምን እንደሚጠራው፣ በተለይም የት ላይ እንደሚያሳስት እናያለን።

አንድ ነገር አስቀድመን እንስማማ። ኮማንዶቹን የጻፍኳቸው ሲነበቡ በሚሰሙት መንገድ ነው። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል፣ ሁሉንም በትንሹ ትጽፏቸዋላችሁ። በትልቁ ፊደል የሚጻፍ ሲኖር እዚያው እነግራችኋለሁ። ከጭረት በኋላ ያሉ ነጠላ ፊደላት ያለ ክፍተት ተያይዘው ይጻፋሉ። ለምሳሌ የያዝናት ፕሮግራም ኤችቶፕ ናት። ትንሽ ናት፣ ስሟም በአምስቱም ቤት አንድ ነው።

1. መጀመሪያ የማን ቤት እንዳላችሁ እወቁ

የማታውቁት ሰርቨር ላይ ስትገቡ ይህን ጻፉ፦

ካት /ኢቲሲ/ኦኤስ-ሪሊዝ

«አይዲ» የሚለው መስመር ዲስትሮውን ይነግራችኋል። ከሱ የሚበልጠው ግን «አይዲ_ላይክ» የሚለው ነው፤ ዘሩን ይናገራል። ሊኑክስ ሚንት ላይ ኡቡንቱ እና ዴቢያን የሚል ታያላችሁ። ሮኪ ሊኑክስ ላይ ደግሞ የሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ አጭር ስም እና ፌዶራ አሉበት። ዘሩ ከታወቀ ፓኬጅ ማኔጀሩ ታወቀ።

ዴቢያን፣ ኡቡንቱ እና ሚንት ከሆነ አፕት ነው። ፌዶራ፣ ሬድ ሃት፣ ሮኪ እና አልማ ከሆነ ዲኤንኤፍ። አርች እና ማንጃሮ ፓክማን ይጠቀማሉ። ኦፕንሱሴ ዚፐር አለው። አልፓይን ኤፒኬ አለው፤ ይሄ ከአንድሮይዱ ኤፒኬ ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው። አልፓይንን ብዙ ሰው የሚያገኘው በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ኢሜጁ በጣም ትንሽ ነው።

ያምስ (የድሮው የሬድ ሃት ፓኬጅ ማኔጀር)? የሚል አይጠፋም። ከሬድ ሃት 8 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2019 ወዲህ፣ «ያም» ብላችሁ ብትጽፉ የሚመልስላችሁ ዲኤንኤፍ ነው። እውነተኛው ያም ያለው እንደ ሴንትኦኤስ 7 ባሉ አሮጌዎች ላይ ነው፤ የሴንትኦኤስ 7 ድጋፍ ደግሞ በሰኔ 2024 መጨረሻ አብቅቷል። እዚያ ላይ ያለ ሰርቨር ካላችሁ ከሲንታክስ የሚቀድም ሥራ አለባችሁ።

ከነዚህ ሥር ሌላ ሠራተኛ እንዳለ ማወቅም ይጠቅማል። ከአፕት ሥር ዲፒኬጂ፣ ከዲኤንኤፍ እና ከዚፐር ሥር አርፒኤም አለ። የታችኞቹ የሰጣችኋቸውን ፋይል ይጭናሉ እንጂ የጎደለውን ላይብረሪ (ፕሮግራሙ ለመሥራት የሚደገፍበትን ኮድ) ከኢንተርኔት ፈልገው አያመጡም። ያወረዳችሁትን የዴብ ፋይል በዲፒኬጂ ጭናችሁ «ይሄ ጎደለ፣ ያኛው ጎደለ» የሚል መዓት የሚወርድባችሁ ለዚህ ነው። በአፕት ጫኑት፤ ከፊቱ ያለው «ሱዶ» ኮማንዱን በአስተዳዳሪ (ሩት) መብት ያስኬዳል። ከፋይሉ ስም በፊት ነጥብ እና ስላሽ ማስገባት እንዳትረሱ፤ አለበለዚያ ፋይል ሳይሆን የፓኬጅ ስም የሰጣችሁት ይመስለዋል፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ./ፕሮግራም.ዴብ

2. ዝርዝሩን ማደስ እና ፓኬጁን ማሻሻል፦ ዋናው ወጥመድ

ማሽናችሁ ሪፖዚተሪው (ፓኬጆቹ የሚወርዱበት የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ምን ምን እንዳለ የሚናገር ዝርዝር ይይዛል። ዝርዝሩ ኮፒ ስለሆነ ያረጃል። ስለዚህ ሁለት ሥራ አለ። አንደኛው ዝርዝሩን ማደስ ነው፤ አንድም ፕሮግራም አይነካም። ሁለተኛው የተጫኑትን ፕሮግራሞች በአዲስ ቨርዥን መተካት ነው። አፕት ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚጠራቸው፦

ሱዶ አፕት አፕዴት
ሱዶ አፕት አፕግሬድ

የመጀመሪያው ዝርዝር ብቻ ያድሳል። መቶ ጊዜ ብታስኬዱት ሰርቨሩ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። የኡቡንቱ ሰው «አፕዴት» የሚለውን ቃል እንደ ሰላምታ የሚቆጥረውም ለዚህ ነው፤ ከማንኛውም ሥራ በፊት ይጽፈዋል።

ይህን ልማድ ይዞ ፌዶራ ወይም ሮኪ ላይ «ሱዶ ዲኤንኤፍ አፕዴት» ሲል ጉድ ይፈላል። ዲኤንኤፍ ላይ «አፕዴት» የ«አፕግሬድ» የድሮ ስሙ ነው። ዝርዝሩን አድሶ ሲያበቃ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ሁሉ፣ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ጨምሮ፣ ለማሻሻል ይነሳል። እርግጥ ነው፣ ከመጀመሩ በፊት ይጠይቃል። «አዎ» የሚለውን ዳሽ ዋይ ከጨመራችሁበት ግን አይጠይቅም። ሰው የሚጠቀምበት ዳታቤዝ ያለበት ሰርቨር ላይ በሥራ ሰዓት ይሄ ቢሆን ምን እንደሚመጣ መገመት አያቅትም።

ዲኤንኤፍ ላይ አዲስ ነገር መኖሩን ለማየት ብቻ የሚሆነው ይህ ነው፦

ዲኤንኤፍ ቼክ-አፕዴት

የራሱ ጣጣ አለው። የሚሻሻል ነገር ካገኘ የሚመልሰው የመውጫ ቁጥር 0 ሳይሆን 100 ነው። ተርሚናል ላይ ልብ የሚለው የለም። ስህተት ሲያይ እንዲቆም የተደረገ ስክሪፕት ውስጥ ከገባ ግን ምንም ሳይበላሽ ስክሪፕቱ ቀጥ ይላል። በመሠረቱ ዲኤንኤፍ ዝርዝሩን ለብቻ እንድታድሱለት አይፈልግም፤ ሲያረጅ ራሱ ያድሰዋል። አሁኑኑ ይታደስ ካላችሁ በማንኛውም ኮማንድ ላይ «--ሪፍሬሽ» ጨምሩ።

ዚፐርም ለአፕት ሰው ያው ወጥመድ አለው። ዝርዝር ማደሻው «ዚፐር ሪፍሬሽ» ነው፤ «ዚፐር አፕዴት» ፓኬጆቹን ያሻሽላል። ከዚህ በላይ ደግሞ ኦፕንሱሴ ሁለት መልክ አለው። ሊፕ ላይ «አፕዴት» ልክ ነው። ያለማቋረጥ የሚታደሰው ተምብልዊድ ላይ ግን የሚመከረው ይህ ነው፦

ሱዶ ዚፐር ዲዩፒ

ኤፒኬ እዚህ ላይ የአፕት ወንድም ነው። አፕዴት ዝርዝር ያድሳል፣ አፕግሬድ ያሻሽላል። የኡቡንቱ ሰው አልፓይን ላይ የማይደናገጠው አንዱ ቦታ ይሄ ነው።

ፓክማን በቃል ሳይሆን በፊደል ነው የሚናገረው። መጀመሪያ ሲያዩት ያስቀይማል፤ ሲለመድ ግን ከሁሉም ወጥ ነው ባይ ነኝ። ሕጉ አጭር ነው። የመጀመሪያው ፊደል ሁልጊዜ ትልቅ ነው፤ ሥራውን ይናገራል። የሚከተሉት ትንንሽ ናቸው፤ ዝርዝሩን ይናገራሉ። ኤስ ከሪፖዚተሪ ማምጣት ነው። አር ማውጣት ነው። ኪው ማሽኑ ላይ ያለውን መጠየቅ ነው። ዩ በእጃችሁ ካለ ፋይል መጫን ነው። እንግዲህ፦

ሱዶ ፓክማን -ኤስዋይዩ

ኤስ ትልቅ፣ ዋይ እና ዩ ትንሽ። ዋይ ዝርዝሩን ያድሳል፣ ትንሹ ዩ ያሻሽላል። አሁን የአፕት ልማድ እዚህ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ሰውየው «ዝርዝሩን አድሼ ኤችቶፕን ብቻ ልጫን» ብሎ ዩዋን ይተዋታል፦

ሱዶ ፓክማን -ኤስዋይ ኤችቶፕ

ኡቡንቱ ላይ ይሄ ጤናማ ሥራ ነው። አርች ላይ ግን በግልጽ የማይደገፍ ነገር ነው። አርች ያለማቋረጥ የሚታደስ ዲስትሮ ስለሆነ አዲሱ ዝርዝር ላይ ያለ ፕሮግራም ከአዲሶቹ ላይብረሪዎች ጋር ነው የተገነባው። እሱን ስትጭኑ አንድ ላይብረሪ አብሮ ወደ አዲስ ቨርዥን ይሄዳል። ማሽኑ ላይ ያሉት ሌሎች ፕሮግራሞች ደግሞ የድሮውን ላይብረሪ ይፈልጋሉ፤ ያጡታል። የተበላሸው ላይብረሪ ፓክማን ራሱ የሚጠቀምበት ከሆነ መጠገኛውም አብሮ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ አርች ላይ ወይ ዝርዝሩን ሳትነኩ ኤስ ብቻ ብላችሁ ጫኑ፣ ወይ ሁሉንም አሻሽሉ። መሃል ላይ መቆም የለም።

የአፕትን ነገር ሳልጨርስ አንድ ልጨምር። «አፕት አፕግሬድ» እና «አፕት-ጌት አፕግሬድ» አንድ አይደሉም። አፕት አስፈላጊ ከሆነ አዲስ ፓኬጅ ይጨምራል፣ ያለውን ግን አያወጣም። አፕት-ጌት አዲስ ፓኬጅም አይጨምርም። አዲስ ከርነል የሚመጣው በአዲስ ፓኬጅ ስም ስለሆነ በአፕት-ጌት ብቻ የሚሻሻል ሰርቨር ከርነሉ ባለበት ሊቀር ይችላል። ማውጣትም መጨመርም የሚፈቅደው «ፉል-አፕግሬድ» ነው፤ ምን እንደሚያወጣ አንብባችሁ እሺ በሉት።

3. መጫን፣ ከዚያ በፊት ግን መጠየቅ

መጫኑ ራሱ ቀላል ነው፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤችቶፕ
ሱዶ ዲኤንኤፍ ኢንስቶል ኤችቶፕ
ሱዶ ዚፐር ኢንስቶል ኤችቶፕ
ሱዶ ፓክማን -ኤስ ኤችቶፕ
ኤፒኬ አድ ኤችቶፕ

ኤፒኬ ላይ ሱዶ ያልጻፍኩት አልፓይን ላይ ሱዶ አብሮ ስለማይመጣ ነው። ኮንቴይነር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሩት ናችሁና አያስፈልጋችሁም።

በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው የሚያስፈልገው ቀጣዩ ነው። አፕት፣ ዲኤንኤፍ፣ ዚፐር እና ፓክማን ተጨማሪ ነገር ማውረድ ሲኖርባቸው ምን ያህል ሜጋባይት እንደሚያወርዱ ነግረው ይጠይቃሉ። አንብቡት። ትንሽ ፕሮግራም ጠርታችሁ 400 ሜጋባይት ካላችሁ «አይ» በሉና አስቡበት። ኤፒኬ ግን በተለመደው አጠቃቀሙ አይጠይቅም። አድ ካላችሁት ይጭናል፣ አበቃ።

ሳይጭን እንዲያሳያችሁ ብቻ ከፈለጋችሁ አፕት ላይ ትንሹን ዳሽ ኤስ ጨምሩ። ኤፒኬም ላይ ያው ነው። ዲኤንኤፍ ላይ «--አስዩምኖ» ይባላል፤ ለጥያቄው ራሱ «አይ» ብሎ ይወጣል። ዚፐር ላይ «--ድራይ-ረን» ነው። ፓክማን ላይ ከትልቁ ኤስ ቀጥሎ ትንሽ ፒ ነው፤ እሱ የሚያሳየው የሚወርዱበትን አድራሻ ነው።

ሲንታክሱን ይዛችሁም የፓኬጁ ስም ሊያስቸግር ይችላል። አፓቼ ዌብ ሰርቨር ዴቢያን ላይ አፓቼ2 ይባላል፣ ፌዶራ ላይ ኤችቲቲፒዲ፣ አርች ላይ አፓቼ ብቻ። ፕሮግራም ስትገነቡ የሚያስፈልገው የኦፕንኤስኤስኤል ፓኬጅ ዴቢያን ላይ ሊብኤስኤስኤል-ዴቭ ነው። ፌዶራ ላይ ኦፕንኤስኤስኤል-ዴቨል ይሆናል። አልፓይን ላይ ኦፕንኤስኤስኤል-ዴቭ ነው። አርች ለብቻ አይከፍለውም፤ ዋናውን ስትጭኑ አብሮ ይመጣል።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ፎንት ነው። ግዕዝ ፊደል በአራት ማዕዘን ሳጥን ከሚታይበት ማሽን ጋር ያልተጣላ የለም። ኡቡንቱ ላይ የምትጭኑት ፎንትስ-ኤስአይኤል-አቢሲኒካ ነው። ፌዶራ ላይ ስሙ ይገለበጣል፤ ኤስአይኤል-አቢሲኒካ-ፎንትስ ይሆናል። ዴቢያን «ፎንትስ» የሚለውን ከፊት፣ ፌዶራ ከኋላ ያደርጋል። ይሄ ለብዙ ፎንት ስለሚሠራ አንዴ ካወቃችሁት ብዙ ፍለጋ ያስቀራል። አርች ላይ ኖቶ-ፎንትስ የሚባለውን ስትጭኑ የግዕዙ አብሮ ይገባል። አማርኛ መጻፊያው አይባስ-ኤም17ኤን ግን ኡቡንቱም ፌዶራም ላይ በዚሁ ስሙ ይገኛል።

4. ማውጣት፦ ምን ይቀራል?

ፕሮግራም ስታወጡ ሁለት ነገር ይቀራል ወይም አይቀርም፦ አብረውት የመጡት ላይብረሪዎች እና የኮንፊግ ፋይሎቹ። አምስቱ እዚህ ላይ አይስማሙም።

«አፕት ሪሙቭ» ፕሮግራሙን ያወጣል፤ ሁለቱንም ይተዋል። ላይብረሪዎቹን በኋላ በ«አፕት አውቶሪሙቭ» ትጠርጋላችሁ። ኮንፊጉን ለማጥፋት በሪሙቭ ፋንታ «ፐርጅ» ትላላችሁ። «ዲፒኬጂ -ኤል» በትንሹ ኤል ስትሉ ከፊታቸው «አርሲ» የሚል ያለባቸው ፓኬጆች ካያችሁ፣ ፕሮግራማቸው ወጥቶ ኮንፊጋቸው የቀረ ናቸው።

«ዲኤንኤፍ ሪሙቭ» ማንም የማይፈልጋቸውን ላይብረሪዎች ሳትጠይቁት አብሮ ያወጣል። ንጹሕ ነው፣ ግን ዝርዝሩን ሳያነቡ እሺ ማለት አያዋጣም። ዚፐር እንዲህ እንዲያደርግ «--ክሊን-ዴፕስ» መጨመር አለባችሁ። ፓክማን -አር ብቻውን ፕሮግራሙን ብቻ ያወጣል። ኤስ ስትጨምሩ ላይብረሪዎቹን፣ ኤን ስትጨምሩ ኮንፊጉን ይወስዳል፦

ሱዶ ፓክማን -አርኤንኤስ ኤችቶፕ

አር ትልቅ ነው፣ የቀሩት ትንሽ። ፓክማን ላይ የምወደው አንድ ጠባይ አለ። ሌላ ፕሮግራም የሚፈልገውን ፓኬጅ አውጣ ካላችሁት እምቢ ይላል። አፕት እና ዲኤንኤፍ ግን የሚፈልገውንም ፕሮግራም አብረው ለማውጣት ሐሳብ ያቀርባሉ። አንድ ላይብረሪ ሲነሳ ሙሉ ዴስክቶፕ የሚሄደው እንዲህ ነው።

ኤፒኬ ለየት ይላል። እናንተ በስም የጠየቃችሁትን ሁሉ /ኢቲሲ/ኤፒኬ/ወርልድ የሚባል ፋይል ላይ ይጽፋል። «ኤፒኬ ዴል» ስትሉ ስሙን ከዚያ ይሰርዝና ማሽኑን ከዝርዝሩ ጋር ያስተካክላል፤ ማንም የማይፈልገው ላይብረሪ በዚያው ይወጣል። ፋይሉን መክፈት ብቻውን ሰርቨሩ ላይ ሰው ምን እንደጫነ ይነግራችኋል።

ከአምስቱ አንዳቸውም የቤት ፎልደራችሁ ውስጥ ያለውን የግል ሴቲንግ አይነኩም። እሱን በእጃችሁ ነው።

5. መፈለግ እና መጠየቅ

ፍለጋው በአፕት፣ በዲኤንኤፍ፣ በዚፐር እና በኤፒኬ «ሰርች» ነው። ፓክማን ላይ ኤስ ሁለት ጊዜ ነው፣ መጀመሪያው ትልቅ፣ ሁለተኛው ትንሽ። አፕት መግለጫውንም ስለሚፈትሽ የማይገናኝ ነገር ያግተለትልባችኋል፤ «--ኔምስ-ኦንሊ» ብትጨምሩ ይረጋጋል።

የተጫኑትን ለማየት «አፕት ሊስት --ኢንስቶልድ» ይባላል። ዲኤንኤፍም ላይ ይህንኑ ጻፉ፣ ሁለቱን ጭረት አትተዉ። ድሮ ያለ ጭረት ይሠራ ነበር። ከፌዶራ 41 ጀምሮ በመጣው ዲኤንኤፍ 5 ላይ ግን «ኢንስቶልድ» የፓኬጅ ስም መስሎት ይፈልገዋል። ፓክማን -ኪው፣ ኤፒኬ ኢንፎ እና ዚፐር ሰርች -አይ ያንኑ ይሠራሉ።

«ይሄ ፋይል የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሰርቨር ላይ በጣም ይጠቅማል። ዴቢያን ላይ ዲፒኬጂ -ኤስ በትልቁ ኤስ ትላላችሁ፤ ፌዶራ እና ኦፕንሱሴ ላይ አርፒኤም -ኪውኤፍ በትንንሹ፤ አርች ላይ ፓክማን -ኪውኦ፤ አልፓይን ላይ ኤፒኬ ኢንፎ -ደብሊው በትልቁ። ከኋላው የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ትሰጡታላችሁ። ፋይሉ ገና ማሽኑ ላይ ከሌለስ? ዲኤንኤፍ «ፕሮቫይድስ» የሚል አለው፣ ግሩም ነው። አፕት ላይ ግን አፕት-ፋይል የሚባል ሌላ ፓኬጅ መጀመሪያ መጫን አለባችሁ።

6. ወደ ኋላ መመለስ

ዲኤንኤፍ ሌሎቹን የሚበልጠው እዚህ ነው፦

ዲኤንኤፍ ሂስትሪ ሊስት
ሱዶ ዲኤንኤፍ ሂስትሪ አንዱ 27

የመጀመሪያው የተሠራውን ሁሉ በቁጥር ያሳያል። ሁለተኛው («አንዱ» እዚህ የእንግሊዝኛው «መልስ» ማለት ነው) የመረጣችሁትን ቁጥር ይገለብጠዋል፤ የተጫነውን ያወጣል፣ የወጣውን ይመልሳል። የድሮው ቨርዥን ሪፖዚተሪው ላይ ከሌለ ግን የተሻሻለውን መመለስ አይችልም።

ብዙ ማሽን ላይ ባለው አፕት ያላችሁ /ቫር/ሎግ/አፕት/ሂስትሪ.ሎግ ነው፤ አንብባችሁ በእጅ ትመልሳላችሁ። ፓክማን ያወረደውን አሮጌ ፓኬጅ /ቫር/ካሽ/ፓክማን/ፒኬጂ ውስጥ ያስቀምጣል፤ በትልቁ ዩ ከዚያ ትጭኑታላችሁ። ስለዚህ ቦታ ጠበበ ብላችሁ ካሹን ሙልጭ አድርጋችሁ አትጥረጉ። ኦፕንሱሴ ቢቲአርኤፍኤስ ላይ ከተጫነ ስናፐር የሚባለው ዚፐር ከመሥራቱ በፊትና በኋላ ስናፕሾት ያነሳል፤ መላ ሲስተሙን ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል።

7. ስክሪፕት ውስጥ

ስክሪፕት ውስጥ «አፕት» ሳይሆን «አፕት-ጌት» ጻፉ። አፕት ራሱ ውጤቱ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲላክ «የእኔ አጻጻፍ ሊለወጥ ይችላል» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ለሰው ዓይን ነው የተሠራው። ያለ ጥያቄ እንዲሄድ አፕት-ጌት እና ዲኤንኤፍ -ዋይ ይፈልጋሉ፣ ፓክማን «--ኖኮንፈርም»። ዚፐር ላይ -ኤን ነው፣ ቦታው ደግሞ ከኢንስቶል በፊት ነው፦

ዚፐር -ኤን ኢንስቶል ኤችቶፕ

ዶከርፋይል ላይ አፕዴትን እና ኢንስቶልን በአንድ መስመር በ&& አያይዟቸው። ከለያያችኋቸው ዶከር የትናንቱን አፕዴት ከካሹ ያወጣና አዲሱን ኢንስቶል በአሮጌ ዝርዝር ያስኬደዋል፤ ፓኬጁ አልተገኘም ትባላላችሁ። አልፓይን ላይ «ኤፒኬ አድ --ኖ-ካሽ» ብቻውን ይበቃል።

8. መሃል ላይ መብራት ቢሄድ

አፕግሬድ እየሮጠ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ሲነሳ ምን ታደርጋላችሁ? መልሱ ሎክ የሚባለው ነገር (ሁለት ፕሮግራም በአንድ ጊዜ አንድ ዳታቤዝ እንዳይነካ የሚከለክል ቁልፍ) በየቤቱ እንዴት እንደተሠራ ላይ ነው።

ዲፒኬጂ ላይ ሎክ ፋይሉ ሁልጊዜ አለ። መኖሩ ብቻውን ተቆልፏል ማለት አይደለም፤ ቁልፉን የሚይዘው ከርነሉ ነው፣ ፕሮግራሙ ሲሞት ቁልፉም ይለቀቃል። ስለዚህ «ሎክ ማግኘት አልቻልኩም» ካላችሁ እውነትም የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም አለ። አዲሶቹ ላይ የማን እንደሆነ ከነፕሮሰስ ቁጥሩ ይነግራችኋል። ኡቡንቱ ላይ ብዙ ጊዜ በራሱ የሚያሻሽለው «አንአተንድድ-አፕግሬድስ» ነው፤ ጠብቁት። ኢንተርኔት ላይ እንደሚባለው ሎክ ፋይሉን መሰረዝ ሁለት ፕሮግራም አንድ ዳታቤዝ ላይ እንዲጽፍ መጋበዝ ነው። ከመብራቱ በኋላ የሚያስፈልጋችሁ የተጀመረውን መጨረስ ብቻ ነው፦

ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ
ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል

ፓክማን ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። እዚያ የፋይሉ መኖር ራሱ ቁልፉ ነው። መብራት ሲጠፋ ፋይሉ ዲስክ ላይ ይቀራል፤ ማሽኑ ሲነሳም ፓክማን «ተቆልፏል» እያለ እምቢ ይላል። በፒኤስ አይታችሁ ሌላ ፓክማን እየሠራ አለመሆኑን ካረጋገጣችሁ፣ እዚህ መሰረዙ ትክክል ነው፦

ሱዶ አርኤም /ቫር/ሊብ/ፓክማን/ዲቢ.ኤልሲኬ

ከዚያ -ኤስዋይዩን እንደገና አስኪዱ። ከርነሉ እየተተካ ከነበረ፣ ሳይጨርስ ማሽኑን ዳግም አታስነሱት።